ቪም ሲዘጋ የሚመለሰው ጽሑፍ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ሆኜ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራ የእህል መጋዘን መዝገብ ፕሮግራም ጽፌአለሁ። ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ሲዘጋ በተርሚናሉ የነበረው የቀደመው ጽሑፍ እንደነበረ ይመለሳል፤ የእኔው ግን ጤፍና ስንዴውን ከትእዛዞቼ ጋር ቀላቅሎ ይተወዋል። ለምን?

መልስ፦ ቪም የቀደመውን ጽሑፍ ራሱ ቀድቶ አያስቀምጥም። እንደ ኤክስተርም ያሉ ተርሚናሎች ሁለት ገጽ ስላላቸው፣ ሲከፈት ኤስኬፕ በተባለው የማይታይ ቁምፊ የሚጀምርና 1049 የሚለውን ቁጥር የያዘ ትእዛዝ ልኮ፣ የጠቋሚውን ቦታ አስይዞ ወደ ባዶው ተለዋጭ ገጽ ይሻገራል፤ ሲዘጋም ያንኑ ትእዛዝ የመጨረሻውን ፊደል ከኤች ወደ ኤል ብቻ ለውጦ ይልካል። አስቸጋሪው መውጫው ነው፤ ፕሮግራሙ ድንገት ከተቋረጠ መመለሻው ሳይላክ ይቀራልና፣ ፕሮግራሙ ሊይዛቸው በሚችላቸው የማቋረጫ ምልክቶች (ሲግናሎች) ሁሉ ላይ እንዲላክ አድርገው ይጻፉት። በኃይል ለተገደለው «ሪሴት» የሚለውን ትእዛዝ በተርሚናሉ መስጠት ይበቃል፣ ምንም እንኳ የቀደመውን ጽሑፍ ሊያጠፋ ቢችል። የዕለቱን ድምር ግን ወደ ዋናው ገጽ ከተመለሱ በኋላ ያሳዩ፤ አለዚያ ከተለዋጩ ገጽ ጋር አብሮ ይጠፋል።