ጋላክሲ ጋዝ ያሞቃል ወይስ ያስሞቃል?

ከድሬዳዋ አንድ የፊዚክስ መምህር ጻፉልኝ። በጋላክሲ ክላስተር (በስበት በተሳሰሩ የጋላክሲዎች ስብስብ) ውስጥ ስላለው ሙቅ ጋዝና ይህን በኮምፒውተር ስለሚያሰሉ ሞዴሎች ለተማሪዎቻቸው ጽሑፍ እያዘጋጁ ነው። "ጋላክሲው ጋዙን ያሞቀዋል" ብለው ቢጽፉ ባልደረባቸው "ያስሞቀዋል" ብሎ አረመባቸው።

መምህር፣ የእርስዎ ልክ ነው፤ አይንኩት።

በመሃል ሌላ ነገር ከገባ "አስ" ይግባ የሚሉ አሉ። እርግጥ በመሃል ብዙ ነገር አለ። በፐርሲየስ ክላስተር መሃል ባለው ጋላክሲ ውስጥ ያለው ብላክ ሆል ጄት፣ ማለትም በከፍተኛ ፍጥነት የሚወረወር ጠባብ ፍሰት፣ ይተፋል፤ ጄቱ ጋዙ ውስጥ ግዙፍ አረፋ ይነፋል፣ አረፋው ጋዙን እየገፋና እያናወጠ ያሞቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀችው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ቻንድራ አረፋዎቹን በኤክስሬይ አንስታቸዋለች። ጋዙ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀት አለው። ማሞቂያ ባይኖረው ኖሮ መሃል ያለው ቀዝቅዞ፣ ዛሬ ከምናየው እጅግ የበዛ ኮከብ ይወልድ ነበር።

ሰዋስው ግን የሰንሰለቱን ርዝመት አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው ታዛዥ አለ ወይ ብሎ ነው። ቡናው ፈላ። እናት ቡና አፈላች። ልጇን ቡና አስፈላች። በመሃል ከሰልና ጀበና ስላለ ብቻ "አስፈላች" የሚል ሰው ድሬዳዋ ከዚራም ሐረር ጀጎልም አታገኙም። "አ" ከግዕዝ የወረስነው ነው፤ ሞቀ፣ አሞቀ። "አስ" ደግሞ የግዕዙ "አስተ" ዘመድ ነው ባይ ነኝ፣ የጥንቷ ሜሶጶጣሚያ ቋንቋ አካድኛም አስደራጊ ግሱን በ"ሸ" ይሠራ ስለነበር ዘሩን እስከዚያ ብመዝዘው ደስ ይለኛል።

"ያስሞቃል" የራሱ ቦታ አለው፣ እሱም ሞዴል ሠሪው ጋ ነው። ("አምሳያ" ብንል እመርጥ ነበር፤ መሰለ፣ ምሳሌ፣ አምሳል ከሚለው ቤተሰብ ነው፣ በዓረብኛም ዘመድ አለው። ግን ሞዴል ፈተና እየተፈተነ ላደገ ተማሪ "ሞዴል" አማርኛ ሆኗል፤ ሳልወድ ተቀብያለሁ።) ክላስተርን የሚያህል ነገር የሚያሰላ ኮምፒውተር ብላክ ሆሉን ለይቶ ማየት አይችልም፤ ኮምፒውተሩ ለስሌት ሲል ሕዋውን ከሚከፋፍልባቸው ክፍሎች ከአንዷ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ሠሪው ደንብ ይጽፋል፦ ይህን ያህል ጋዝ ወደ መሃል ሲወድቅ፣ ይህን ያህል ኃይል በዙሪያው ላለው ጋዝ ይሰጥ። እዚህ አዛዥም ታዛዥም አለ። ጽሑፍዎ ላይ እንዲህ ይግባ፦ "ሠሪው ጋላክሲውን ጋዝ ያስሞቀዋል"። ሰማይ ላይ ያለው ጋላክሲ ግን ያሞቃል።