«ከጀርባው ማን አለ?»፦ አቤቱታ ለምትቀበሉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በመሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ቤት ወይም በኤምባሲ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ከሚደርሱት የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አንዱ አቤቱታ ይሆናል። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በዚሁ ወረቀት መካከል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ተቀባይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መልስ አርቃቂ ሆኜ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሌሎችን መዝገብ ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል፤ በተለይም የእንግሊዝ ሹማምንት በባሕረ ሰላጤው የዐረብ ሼኾች ግዛት ሳሉ ያጠራቀሙትን። ዛሬ የቆዩት መዛግብት በኳታር ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አማካይነት በነፃ ይነበባሉ። ከዚያ የቀሰምኩትን ልንገራችሁ። ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሬን ላይ እቆያለሁ። ባሕሬን በወረቀት ቅኝ ግዛት አልነበረችም። በ1880 እና በ1892 በተፈረሙ ውሎች የውጭ ጉዳይዋን ለእንግሊዝ የተወች፣ በአል ኸሊፋ ቤተሰብ የምትተዳደር አገር ነበረች። ሼኹ ይገዛሉ፣ እንግሊዝ ይመክራል፤ ይባል የነበረው ይህ ነው። እንዲህ ያለው አሠራር ለሹም እጅግ ይመቻል። ጉዳዩ ሲጥም የመካሪው ውጤት ነው፤ ሲመር ደግሞ «የሼኹ የውስጥ ጉዳይ» ይሆናል።

በ1926 ቻርልስ ቤልግሬቭ የሚባል እንግሊዛዊ የሼኹ አማካሪ ሆኖ መጣ። ሥራውን ያገኘው የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በወጣ ማስታወቂያ ነው። ደመወዙን የሚከፍሉት ሼኹ በመሆናቸው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲቆይ ግን ገንዘብ ያዥም፣ የፖሊስ የበላይም፣ በችሎት የሚቀመጥ ዳኛም ሆነ። ፖሊስ የበደለው ሰው አቤት ሊል ቢነሣ የሚሄደው ወደ ፖሊስ አዛዡ ነው፤ አልሆነለት ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ዳኛ ሆኖ የሚጠብቀው ያው ሰው ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በእርሱ ዘመን ተስፋፍተዋል፤ ባለቤቱም ለልጃገረዶች ትምህርት ደክማለች። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍላችሁም ነበር፤ ከሌባና ከጨካኝ ሹም የምትማሩት ብዙ ነገር የለም። ትጉህ፣ ሥርዓት ወዳድ፣ በየቀኑ ማስታወሻውን የሚጽፍ ሰው እንዴት ጆሮው እንደሚደነቁር ማየት ግን ይጠቅማችኋል።

እንግሊዞች ለውጥ ይጠላሉ ማለትም አይደለም። በ1921 የሺዓ ሽማግሌዎች በደላቸውን ለእንግሊዙ ሹም አቀረቡ፤ በ1923 እንግሊዞች ራሳቸው አዛውንቱን ሼኽ ኢሳን ከሥልጣን ገሸሽ አድርገው ልጃቸውን ሐማድን አስቀመጡ፤ የዕንቁ ጠላቂዎችን የዕዳ አሠራርም ማስተካከል ጀመሩ። ለውጡ በጥድፊያና በጉልበት ነበር የተፈጸመው፤ አርቃቂው የእንግሊዝ ቢሮ ራሱ ነበርና ማንም «ሕዝቡ ገና አልበሰለም» አላለም። በ1938 ግን ሱኒና ሺዓ ነጋዴዎችና ወጣቶች ተባብረው ምክር ቤት፣ የተስተካከለ ፍርድ ቤት፣ የሠራተኛ ወኪል ሲጠይቁ መሪዎቹ ተይዘው ወደ ሕንድ ተጋዙ። ከተጋዙት አንዱ ሰዓድ አል ሸምላን ይባላል። ስሙን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በ1954 የባሕሬን መንግሥት መኪና ያለው ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ አዘዘ። ትእዛዙ መጥፎ አልነበረም። የታክሲ ነጂዎች ግን የውጭ ኩባንያዎች የሚጠይቁትን ክፍያ አንችልም ብለው ሥራ አቆሙ። ዐብዱረሕማን አል ባኪር የሚባል ሰው መጣና ነጂዎቹ ራሳቸው የሚያዋጡበት የኅብረት ሥራ የካሣ ገንዘብ አቋቋመላቸው። ልብ በሉ፤ ችግሩን አንድ ዜጋ ያለ መንግሥት ሳንቲም ፈታው። ዐዋቂ ሹም ይህን ሰው ጠርቶ ቡና ይጋብዘው ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው ትውልዱ ከኳታር ነው ተብሎ ፓስፖርቱ ተነጠቀ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ መቶ ሃያ ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ስምንት አባላት ያሉት ከፍተኛ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ መረጠ፤ አራቱ ሱኒ፣ አራቱ ሺዓ። ከአንድ ዓመት በፊት ሁለቱ ወገኖች በሙሐረም በዓል ሰበብ ተጋጭተው ነበርና ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አልነበረም። የጠየቁት አራት ነገር ነው፦ የተመረጠ ምክር ቤት፣ የተጻፈ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የሠራተኛ ማኅበር ፈቃድ፣ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት። አንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ሼኹ ይውረዱ፣ እንግሊዝ ይውጣ የሚል ቃል በውስጡ የለም።

የቢሮው መልስ ምን ሆነ? ሹማምንቱ ጥያቄው ምክንያት እንዳለው አላጡትም። የባሕረ ሰላጤው ከፍተኛ የእንግሊዝ ሹም በርናርድ በሮውዝ ጥቂት ለውጥ እንደሚያስፈልግ አምኖ ሁለቱን ወገን ለማቀራረብ ሞክሯል። ነገር ግን ቢሮው የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ከጀርባው ማን አለ? የካይሮ ሬድዮ ነው? የግብፁ መሪ ናስር ነው? ኮሚኒስት ነው? ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሰምተነዋል፤ እናንተም ትሰሙታላችሁ። የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው፦ መልሱ ከተገኘ አራቱን ነጥብ መመለስ አያስፈልግም።

ከጀርባው ማንም አልነበረም ብዬ አልዋሻችሁም። የካይሮ ሬድዮ በየሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር፤ መሪዎቹም ናስርን ያደንቁ ነበር። ታዲያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አለመኖሩን ናስር አላመጣውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ለትምህርትና ለጤና ግማሹ የሚመረጥ፣ ግማሹ የሚሾም ምክር ቤት ቀረበ። በ1956 መጀመሪያ የትምህርቱ ምርጫ ሲደረግ ለሕዝብ የተተዉትን ወንበሮች የኮሚቴው ዕጩዎች ወሰዱ፤ መንግሥት ግን ውጤቱን እንደ ምስክርነት ሳይሆን እንደ አደጋ ቆጠረው። መጋቢት 2 ቀን የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰልዊን ሎይድ በሙሐረቅ ከተማ ሲያልፉ ሕዝቡ ቤልግሬቭ ይውረድ እያለ መኪኖቹን በድንጋይ ደበደበ። ከቀናት በኋላ በዋና ከተማዋ በመናማ ገበያ በአንድ ሻጭና በማዘጋጃ ቤት ሰው መካከል የተነሣ ጭቅጭቅ ፖሊስ ተኩሶ ሰው እስኪገድል ድረስ ሄደ። አገሩ በአድማ ቆመ። ያኔ ነው ኮሚቴው ስሙን ለውጦ ዕውቅና ያገኘው። በወረቀት ሲጠየቅ ያልተሰጠ ነገር ሰው ሞቶ ሲሰጥ ሕዝቡ ምን እንደሚማር ለእናንተ አልነግርም።

በኅዳር እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሱዌዝን ስትወጋ ባሕሬን በሰልፍና በቃጠሎ ታመሰች። አምስት የኮሚቴው መሪዎች ታሰሩ። በታኅሣሥ በቡደያ መንደር ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፤ ሦስቱም ከገዢው ቤተሰብ ናቸው። ከአምስቱ ተከሳሾች ሦስቱ፣ አል ባኪር፣ አል ዑለይዋት እና አል ሸምላን፣ 14 ዓመት ተፈረደባቸው። ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ የእንግሊዝ ግዛት ወደሆነችውና ናፖሊዮን ወደሞተባት ወደ ሴንት ሄለና ደሴት ተወሰዱ። አዎ፣ አል ሸምላን። ዐብዱልዐዚዝ ይባላል፤ በ1938 ወደ ሕንድ የተጋዘው የሰዓድ ልጅ ነው።

ሕግ ያጠናችሁ ይህን አንብቡት፦ እስረኞቹን ወደ ደሴቲቱ የማዛወሩ ዝግጅት በለንደንና በመናማ መካከል የተጠናቀቀው ችሎቱ ከመቀመጡ በፊት ነበር። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ፤ በ1960 ለንደን የሚገኘው፣ ለቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የፕሪቪ ካውንስል የፍርድ ኮሚቴ ውድቅ አደረገው። በ1961 ግን የሴንት ሄለና ፍርድ ቤት እስራቱ ሕጋዊ አይደለም ብሎ ፈታቸው። አገራቸው ሲጠይቁት የነበረው ዓይነት ዳኛ ከአገራቸው ይልቅ በእስር ደሴታቸው መገኘቱ ያስቃል ወይስ ያናድዳል፣ እናንተ ወስኑ። ቤልግሬቭ በ1957 አገሩ ገብቶ ነበር።

ኩዌትን በአጭሩ ልንካ። በ1938 የከተማዋ ታላላቅ ቤተሰቦች 14 አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ። እንግሊዛዊው ወኪል ጄራልድ ደ ጎሪ መጀመሪያ ላይ አልጠላውም ነበር፤ ሼኽ አሕመድን ያለዝብልኛል ብሎ አስቦ ይሆናል። ምክር ቤቱ እጁን ወደ ነዳጅ ዘይት ገንዘብ ሲዘረጋ ግን ወዳጅነቱ ቀዘቀዘ፤ በታኅሣሥ ምክር ቤቱ ፈረሰ። ሰብሳቢው ከገዢው ቤተሰብ የነበሩት ዐብዱላህ አል ሳሊም ነበሩ። እኚሁ ሰው በ1950 ገዢ ሆኑ፤ በ1962 ሕገ መንግሥት የጸደቀው በእርሳቸው ዘመን ነው። ቢሮው የፈራው ሰው ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ የፈራውን ነገር አደረገ፤ የገዢው ቤተሰብ አልጋም አልተገለበጠም።

ምክሬ እንግዲህ የሥራ ምክር ነው። የቆየ መዝገብ ስታነቡ ከኋላ ጀምሩ። አቤቱታው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ላይ፣ ከነትርጉሙ እንደ አባሪ ተሰፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ከፊቱ የጠያቂዎቹ ትውልድ፣ ሃይማኖት፣ ዕዳና ጓደኛ ተዘርዝሯል። በዚያ ቅደም ተከተል ያነበበ አለቃ ጥያቄው ላይ ሲደርስ ፍርዱን ጨርሷል።

የራሳችሁን ረቂቅ ስትጽፉ ገልብጡት። በመጀመሪያው አንቀጽ የተጠየቀውን በቁጥር አስፍሩ። ቀጥሎ እያንዳንዱን የመመለስ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ጻፉ፤ «ይህ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው» የምትሉ ከሆነ የክፍሉን ስም ጥቀሱ። የትኛው ዛሬውኑ ሊሆን እንደሚችል ለይታችሁ አመልክቱ። በባሕሬንም ይህ የማይቻል አልነበረም፦ የሠራተኛ ሕጉን መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲያረቁት ተደርጎ በ1957 ወጥቷል። የጠያቂዎቹ ማንነት የግድ መገለጽ ካለበት ለብቻው አባሪ ይሁን። አለቃችሁ «መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ ንገረኝ» ካሉ፣ አባሪው ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ በትሕትና ንገሯቸው።