የሕግ ምክር፦ ደብዳቤውን ለኩባንያው ከመላክዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ከሥራ የምመለሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በቶረንት (ተጠቃሚዎች ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ የሚቀባበሉበት ዘዴ) የምለዋወጣቸው ፋይሎች ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ከቆሙበት አይንቀሳቀሱም። በዚያው ሰዓት ዩቲዩብም ሌላውም ያለችግር ይሠራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፋይሎቹ እንደ ልብ ይወርዳሉ። የኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያዬን ብጠይቀው «መስመር በሚጨናነቅበት ሰዓት የሚያጋጥም ነው» አለኝ። ይህ ሕገወጥ አይደለም ወይ? ልከሳቸው ስለፈለግሁ የጻፍኩትን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አያይዣለሁ፤ ያርሙልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አላረምኩትም። ገና ካልላኩት እባክዎ አይላኩት፤ ልከውት ከሆነም ቅጂውን ይዘው ሳይውል ሳያድር በካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ምክንያቱን በሰፊው እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስልዎ።

በፌዴራል ደረጃ ዛሬ ሊመኩበት የሚችሉት የኢንተርኔት ገለልተኝነት ደንብ፣ ማለትም አቅራቢው ሁሉንም ትራፊክ ሳያዳላ እንዲያስተናግድ የሚያስገድድ ደንብ፣ የለም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣውን ደንብ በ2017 ሽሮ በ2024 መልሶ ቢያጸድቀውም፣ የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጥር 2025 ውድቅ አድርጎታል። ካሊፎርኒያ ግን በ2018 ያወጣችው የራሷ ሕግ አላት፤ ኩባንያዎቹ ሕጉ እንዲታገድላቸው ያቀረቡትንም አቤቱታ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2022 ሳይቀበለው ቀርቷል። በዚህ ሕግ መሠረት አቅራቢው ሕጋዊ የሆነን የኢንተርኔት ትራፊክ በይዘቱ ወይም በፕሮግራሙ ዓይነት ለይቶ ማዳከም አይችልም። ተገቢ የኔትወርክ አስተዳደር የተፈቀደ ቢሆንም፣ እሱም ቢሆን በተቻለ መጠን አንዱን ፕሮግራም ከሌላው ሳይለይ መከናወን አለበት። እንግዲህ በመጨናነቂያ ሰዓት የሁሉንም ደንበኛ መስመር እኩል ማዘግየትና ቶረንትን ብቻ ነጥሎ ማነቅ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ እርስዎ የገለጹት ሁኔታ ሁለተኛውን ስለሚመስል ጥያቄዎ መሠረት የለውም አልልም።

ነገር ግን ከላይ ከጠቀስኩት ድንጋጌ ውስጥ እርስዎ ያላስተዋሏት አንዲት ቃል አለች፤ «ሕጋዊ» የምትለው። በጥያቄዎ ስለ ፋይሎች ነገሩኝ እንጂ የምን ፋይሎች እንደሆኑ አልነገሩኝም። ያልነገሩኝን ደብዳቤው ነገረኝ። አራተኛው መስመር ላይ፣ በግርድፉ ሲተረጎም፣ «አዳዲስ ፊልሞችን አውርጄ ለጓደኞቼ የማካፍልበትን ሰዓት ነጥቃችሁኛል» ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ «በየጊዜው የምትልኩልኝን የማስጠንቀቂያ ኢሜይል አቁሙ» ይላል። ስለ እነዚህ ኢሜይሎች ለእኔ አንድም ቃል አላነሡልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሐኪም ሕመሙን ደብቆ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ሆነውብኛል። ኢሜይሎቹን ባላያቸውም ግምቴ የፊልም ባለመብቶች በኩባንያው በኩል የሚያደርሷቸው የቅጂ መብት ጥሰት ማስታወቂያዎች ናቸው የሚል ነው።

ሰዎች በተደጋጋሚ ሲወድቁበት የማየው ጉድጓድ ይህ ነው። በእውነት ተበድለዋል፤ ይናደዳሉ፤ በንዴታቸውም ራሳቸው የሚከሰሱበትን ማስረጃ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የደንበኝነት ቁጥራቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ይልካሉ። የደብዳቤውን ክብደት ለመረዳት፣ ሳይልኩት በፊት ምን መከላከያ እንዳለዎ ማወቅ ይኖርብዎታል። የፊልም ባለመብቶች በመጀመሪያ የሚያገኙት የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚያሳየው ደግሞ መስመሩ በማን ስም እንደተመዘገበ እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አይደለም። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 በቀረበለት ጉዳይ፣ ተከሳሹ አቅመ ደካማ ሰዎችን ተቀብሎ የሚንከባከብበት ቤት ባለቤት ነበር፤ በቤቱ መስመር ነዋሪውም እንግዳውም ይጠቀምበታል። ፍርድ ቤቱ መስመሩ በስሙ መመዝገቡ ብቻ ፊልሙን እሱ አውርዷል ለማለት አይበቃም ሲል ወሰነ። ካሊፎርኒያ በዚሁ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር ስላለች ውሳኔው ለእርስዎም ይጠቅማል። አራተኛው መስመርዎ ግን «ያወረድኩት እኔ ነኝ» ብሎ ይህን መከላከያ በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል።

ለኩባንያው እንጂ ለፊልም ሠሪዎቹ አልጻፍኩም ይሉኝ ይሆናል። ኩባንያው ግን በደንበኞቹ ጥፋት ራሱ ተጠያቂ እንዳይሆን የሚያደርገውን የሕግ ከለላ ለማግኘት፣ ደጋግመው የሚጥሱ ደንበኞችን አገልግሎት የሚያቋርጥበት አሠራር ሊኖረው ይገባል። ከዚህም ሌላ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ ደብዳቤዎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከኩባንያው ፋይል ሊወጣ የሚችል ሰነድ ነው። «እኔ ማውረድ እንጂ መበተን አላውቅም» የሚለውም መልስ አያስኬድም፤ ቶረንት ሲሠራ ያወረዱትን ቁራጭ ወዲያው ለሌሎች እያደለ ነውና። የፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ ባለመብቱ ሥራውን በጊዜው አስመዝግቦ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር እንዲወሰን ይፈቅዳል። በሚኒሶታ በ24 ዘፈኖች የተከሰሰች አንዲት ሴት በመጨረሻ የጸናባት ፍርድ 222,000 ዶላር ነው። ማስጠንቀቂያ ደርሶት የቀጠለ ሰው «አላወቅሁም» ለማለት ይቸገራል፤ እርስዎ ደግሞ ማስጠንቀቂያው እንደደረሰዎ በራስዎ ብዕር አረጋግጠዋል።

ይህን ሲያነቡ ኮምፒውተሩን አጽድቼ ልገላገል የሚል ሐሳብ እንደሚመጣልዎ አውቃለሁ። እሱንም አያድርጉት። ማካፈሉን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ነገር ግን ክስ እንደሚመጣ የሚጠበቅ ሲሆን ማስረጃ ማጥፋት ከጥሰቱ የባሰ ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚሆን ጠበቃዎ ይንገርዎ። ለጠበቃዎ የሚነግሩት በምስጢርነት የተጠበቀ ነው፤ ለእኔ የላኩልኝ ግን በዚያ ጥበቃ ሥር መውደቁን እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህም የጓደኞችዎን ስም የጠቀሱበትን አንቀጽ እዚህ አላወጣሁትም።

የቶረንት ማነቅ ጉዳይ ራሱ የማይረታ ነው ማለቴ አይደለም። በ2007 ኮምካስት የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን የፋይል ልውውጥ ስውር በሆነ መልእክት እያቋረጠ መሆኑን መጀመሪያ የደረሰበት ሮብ ቶፖልስኪ የተባለ የኔትወርክ ባለሙያ ሲሆን፣ ሲያካፍል የነበረው የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን የድሮ ዘፈኖች ነው። ነገሩን በራሱ ሙከራ ያረጋገጠው አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪልም ለሙከራው የመረጠው ፋይል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ማንም «ሕገወጥ ነገር ስለምታወርዱ ነው» ሊላቸው አልቻለም። ኮሚሽኑ በ2008 ኩባንያውን ጥፋተኛ ቢለውም ውሳኔው በ2010 በፍርድ ቤት ተሽሯል፤ ደንበኞች በጋራ ባቀረቡት ክስ በስምምነት የተገኘው ገንዘብ በድምሩ 16 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢበዛ 16 ዶላር ነበር። ገንዘቡን አስበው ከሆነ ልክዎን እንዲያውቁት ነው።

ስለዚህ ማስረጃዎን በንጹሕ ፋይል እንደ አዲስ ይሰብስቡ። ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር በአዘጋጆቹ ፈቃድ በቶረንትም በቀጥታም ይገኛል። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝተው፣ ያንኑ ፋይል በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ጊዜ በቶረንት አንድ ጊዜ በቀጥታ ያውርዱ፤ ማታም ከእኩለ ሌሊት በኋላም ለተከታታይ ቀናት ይድገሙትና ፍጥነቱን ከነስክሪን ቅጂው ያስቀምጡ። ሁለቱም ማታ እኩል ከዘገዩ ምናልባት መስመሩን ከጎረቤት ጋር ከመጋራት የመጣ ተራ መጨናነቅ ነው፤ ቶረንቱ ብቻ ከቆመና በቪፒኤን (ኩባንያው የትራፊኩን ዓይነት እንዳይለይ በሚሸፍን አገልግሎት) ሲሞክሩት ከተነሣ ግን ለጠበቃዎ የሚያሳዩት ነገር አለ። ሰዓቱን እንደ ጥያቄዎ በአበሻ አቆጣጠር አይመዝግቡ፤ የእርስዎ «ምሽት 1 ሰዓት» ለዳኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ሊመስለው ይችላል።

ውሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ላንሣ። አንደኛ፣ ውሉ በማን ስም ነው? የአከራይዎ ወይም የዘመድዎ ከሆነ ማስጠንቀቂያዎቹ የሚመዘገቡት በእነሱ ላይ ነው፤ በውሉ መሠረት የመጠየቅ መብቱም በመጀመሪያ የእነሱ ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ውሎች ክርክርን ወደ ግልግል ዳኝነት የሚመሩና በጋራ መክሰስን የሚከለክሉ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 እንዲህ ያለውን አንቀጽ አጽንቶታል። ብዙ ጊዜ የአነስተኛ ገንዘብ ችሎት በር ግን ክፍት ይተዋል፤ በካሊፎርኒያ ግለሰብ እዚያ እስከ 12,500 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። በስቴቱ የሸማቾች ሕግ የጉዳት ካሣ ለመጠየቅ ከ30 ቀን በፊት በሪኮማንዴ ማስጠንቀቂያ መላክ ስለሚያስፈልግ፣ ደብዳቤ መጻፉ አይቀርም፤ የሚጽፈው ግን ጠበቃዎ ነው።

ወደ ጠበቃዎ ሲሄዱ ውሉን ከነማሻሻያዎቹ፣ ሲመዘገቡ የታየዎትን የአገልግሎት መግለጫ፣ የአንድ ዓመት ደረሰኞችን፣ የሙከራውን መዝገብና ከኩባንያው ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ ይያዙ። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹንም፣ ያልከፈቷቸው ቢኖሩ እንኳ፣ ሳይሰርዙ ከነቀናቸው አትመው ይውሰዱ፤ ጠበቃው አስቀድሞ የሚጠይቅዎ እነሱን ነው።