«የልጄን ስም ወደ ዕብራይስጥ ልቀይረው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የአምስት ወር ወንድ ልጅ አለኝ፤ ስንታየሁ ብላ ስም ያወጣችለት እናቴ ናት። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ሳል እያፈነው አላስተኛ አለኝ። አብራኝ የምትጸልይ ጎረቤቴ «ስሙ ነው ያሰረው፣ ኤልሻዳይ በዪው» አለችኝ። «ኢየሱስ» የሚለውም ግሪኮች ከጣዖታቸው ስም የሠሩት ነው፣ ጸሎታችን የማይሰማው ለዚህ ነው፣ በዕብራይስጥ «ያሹዓ» ብለሽ ጥሪው ትለኛለች። ግራ ገባኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃኑን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የአምስት ወር ልጅ ሳል ነገ ዛሬ አይባልበትም። ጠበሉም አይቀርበትም፤ ሐኪሙንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ባለፈው ዐቢይ ጾም እዚሁ ሰፈር ለጸሎት የገባሁበት አንድ ቤት፣ ከበሩ በላይ የዕብራይስጥ ፊደል ያለበት ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው በላስቲክ አስለብጠውታል። «ምን ይላል?» አልኳቸው። አባትየው ልጁን አየ፣ ልጁ እናቱን አየ። ከቤቱ ሰው የሚያነበው አልነበረም፤ ግን ቤቱን ይጠብቃል ብለው ያምኑበታል። ልቤ አዘነ። ክታብ አንገት ላይ አታንጠልጥሉ ብለን ስንት ዘመን አስተማርን፤ አሁን ቆዳው ቀርቶ በላስቲክ መጣ።

የጎረቤትሽን ነገር ከ«ስ» ፊደል ልጀምረው። ዕብራይስጡ ኤሊያሁ የሚለውን ነቢይ ግሪኩ ኤልያስ አለው። ይሻያሁ ኢሳይያስ፣ ይርሚያሁ ኤርምያስ ሆነ። ይህቺ «ስ» የግሪክ የወንድ ስም ማሳረፊያ ናት፤ ሰዋስው እንጂ ጣዖት አይደለችም። «ዬሹዓ»ም በዚሁ መንገድ ነው «ኢየሱስ» የሆነው። እንዲህ ብለው የጻፉት ደግሞ አረማውያን ሳይሆኑ ራሳቸው አይሁድ ናቸው፤ ከጌታ ልደት ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ኦሪትን በእስክንድርያ ወደ ግሪክ ሲመልሱ የነዌን ልጅ ኢያሱን በዚሁ ስም ጽፈውታል። አባቶቻችንም ወንጌልን ከግሪኩ ወደ ግእዝ ሲመልሱ የተቀበሉትን ስም አስተላለፉልን። በዚህ ስም ተጠምቀሻል፣ በዚህ ስም ቆርበሻል። ጸሎትሽ አልተሰማም የሚልሽን ሰው አትስሚ።

የአነጋገር ጥራት ቢያድን ኖሮ በጌታ ስም ርኩስ መንፈስ ሊያወጡ የሞከሩት የአስቄዋ ሰባት ልጆች በዳኑ ነበር። አይሁድ ናቸው፣ ያውም የካህናት አለቃ ልጆች፤ ስሙን አጥርቶ በመጥራት ማን ይበልጣቸዋል? ርኩሱ መንፈስ ግን «ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ፣ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» አላቸው (ሐዋ. 19፥13-16)። ቆስለው፣ ራቁታቸውን ከዚያ ቤት ሸሹ። በመስቀሉ ሥር የቆሙትንም አስቢ። ጌታ «ኤሎሄ፣ ኤሎሄ»፣ አምላኬ፣ አምላኬ ሲል ድምፁን በጆሯቸው ሰምተው «ኤልያስን ይጠራል» አሉ (ማቴ. 27፥47)።

ዕብራይስጥ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ዳዊት የደገመ ሁሉ መዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ 22ቱን ፊደል ያውቃቸዋል። በቅዳሴ «እግዚአብሔር ጸባኦት» ስንል የሠራዊት ጌታ ማለታችን ነው። «አሜን» ከእኛው «አመነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ እጇን ይዞ «ጣሊታ ቁሚ» ያላት በዕብራይስጥ እኅት በአራማይክ ነው፤ «ቁሚ»ን ግን የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። እንዲያም ሆኖ ቅዱስ ማርቆስ ቃሉን እንዲሁ አልተወውም፤ «ፍችውም» ብሎ ተረጎመው (ማር. 5፥41)። ወንጌላውያን እንዲህ ያለ ቃል ሲጽፉ ደጋግመው ፍችውን ከጎኑ ያስቀምጡልናል። አንባቢው እንዲገባው ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ስም ልምጣ። ልያ የበኩር ልጇን ሮቤል ያለችው የምሥጢር ቃል ፈልጋ አይደለም። ያልተወደደች ሚስት ነበረች፤ ስትወልድ «እግዚአብሔር መከራዬን አይቶአል» አለች (ዘፍ. 29፥32)። እንባዋን እየጠረገች ያወጣችው ስም ነው። ሐናም ሳሙኤልን «ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ» ብላ ጠራችው። የዕብራይስጥ ስም ዛሬ ከሩቅ ስለምንሰማው ይረቅብናል እንጂ በአገሩ እንደ ማስረሻ፣ እንደ ካሳ፣ እንደ ምትኬ ያለ የእናት ቃል ነበር። እናትሽስ «ስንት አየሁ» ሲሉ ልያ ካለችው በምን ራቁ? ያሳለፉትን መከራ በልጅ ልጃቸው ስም ለእግዚአብሔር ነገሩት። ይህን ስም እርግማን ማለት የእናትን ጸሎት መርገጥ ነው፤ ጎረቤትሽን በፍቅር፣ ግን ሳታፍሪ ንገሪያት።

«ኤልሻዳይ» ሁሉን የሚችል አምላክ ማለት ነው። በየብሎኩ በዚህ ስም የሚጠሩ ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸው በፍቅር ያወጡት ነውና አልነቅፋቸውም። እኔን ብትጠይቂኝ ግን የአባቶቻችን መንገድ ይሻለኛል። እነርሱ የአምላክን ስም ለልጅ ሲሰጡ ብቻውን አይሰጡትም፤ ገብረ መድኅን፣ ወልደ አማኑኤል እያሉ ልጁን አገልጋይና ልጅ አድርገው ያስጠጉት ነበር። ልጅሽም በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ እንዲህ ያለ የክርስትና ስም ተቀብሏል። ስትጸልዪለት በእርሱ ጥሪው፤ ስታባብዪው ስንታየሁ በዪው።

ሐኪም ካየው በኋላ ጠዋት ጠዋት ለጠበል አምጪው፣ አብረን እንጸልያለን። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ስንታየሁ ያሉበትን ምክንያት ከራሳቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።