ያልተወደደው አልበም እንዴት ተወደሰ?

ጥያቄ፦ ሮበርት ፍሪፕና ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1973 በጋራ ያወጡትን «ኖ ፑሲፉቲንግ» የተባለ አልበም ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች ፈር ቀዳጅ እያሉ ሲያወድሱት አነባለሁ። እኔ ግን ደጋግሜ ባዳምጠውም የሚያዝ ዜማ አጣሁበት። የዘመኑ ሃያስያንም እንዲህ ያወድሱት ነበር ወይስ ጉድለቱ የእኔ ጆሮ ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በጆሮዎ ላይ አይፍረዱ፤ አልበሙ ሲወጣ የጠበቀው አቀባበል ከእርስዎ ስሜት እምብዛም የራቀ አልነበረም። ፍሪፕ በወቅቱ ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ኢኖ ደግሞ በዚያው ዓመት ከሮክሲ ሚዩዚክ ባንድ ተለይቶ ነበር። የሁለቱን ስም አይቶ ሸክላውን የገዛ ሰው ሮክ ሲጠብቅ ያገኘው ከበሮም ግጥምም የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው አንዱን ገጽ የሚሞሉ ሁለት ሥራዎችን ነው። ዘፈኑን፣ ድምፃዊውንና ምቱን መመዘን የለመደ ሃያሲም የሚመዝነው ነገር ቢያጣ አያስደንቅም። አሳታሚው አይላንድ ሪከርድስ ራሱ ያወጣው በርካሽ ዋጋ በሚሸጥበት ንዑስ መለያው ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ የሙዚቃ አቅራቢው ጆን ፒል በቢቢሲ ሬዲዮ ሲያቀርበው ደግሞ አልበሙ የተቀረጸበት የቴፕ ክር በስሕተት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተጫወተ። ይህ ለነቃፊዎች ጥሩ መሣለቂያ ይመስላል፤ ይሁንና በ2008 አልበሙ እንደገና ሲታተም ሥራዎቹ ወደ ኋላ የሚጫወቱባቸው ቅጂዎችም ሆን ተብሎ ተካተውበታል።

ዜማ ያጡበት ምክንያት ከአሠራሩ ይመነጫል። ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት የሬቮክስ ቴፕ ሪከርደሮች ላይ አንድ ክር ይዘረጋል፤ የመጀመሪያው ጊታሩን ይቀርጻል፣ ክሩ ጥቂት ሰከንዶች ተጉዞ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰማል፣ የተሰማውም ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ገብቶ ከአዲሱ ድምፅ ጋር አብሮ ይቀረጻል። ስለዚህ ፍሪፕ የሚያሰማት እያንዳንዷ ኖታ እየደበዘዘች ደጋግማ ትመለሳለች፤ ኢኖም ምን ያህሉ እንደሚመለስ ይቆጣጠራል። በ1972 የተቀረጸውና ከ20 ደቂቃ በላይ የሚዘልቀው የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ በተደራረበ ድምፅ ላይ ፍሪፕ የተጫወተው ረጅም ሶሎ ነው። ዜማውን ከመጠበቅ ይልቅ አንዲት ኖታ መርጠው እስክትጠፋ ቢከተሏት የሚያደምጡት ነገር ያገኛሉ።

ውዳሴው የመጣው ኢኖ በ1975 «ዲስክሪት ሚዩዚክ»ን፣ ከዚያም «አምቢየንት 1፦ ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ»ን ካወጣ በኋላ፣ ሃያስያን ወደ ኋላ ተመልሰው «አምቢየንት» የተባለውን ረጋ ያለና ድባብ የሚፈጥር የሙዚቃ ስልት መነሻ ሲፈልጉ ነው። ከዚህም የተነሣ ዛሬ ከሚጻፈው ምስጋና ጥቂት የማይባለው አልበሙ ለወለደው ነገር እንጂ ለድምፁ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ታሪካዊ ክብደት ያለው ሥራ ሁሉ መደመጥም አለበት ብሎ መደምደም የሃያስያን የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ያለ ታሪኩም የሚደመጥ ነው። የሲንተሳይዘሩ (በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ድምፅ የሚፈጥረው መሣሪያ) ድግግሞሽና ጊታሩ ፋታ ሳይሰጡ የሚፎካከሩበትን ሁለተኛውን ገጽ ግን እኔም እስከ መጨረሻው የማዳምጠው ከስንት አንዴ ነው።