ሊኑክስ ጠይቁኝ፦ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ የመጡ ጥያቄዎች

ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ስለ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ሲስተም፣ የሚመጣው ጥያቄ ብዛት አይጣል ነው። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን የምውል ሰው ስለሆንኩ የምትጠይቁኝን እዚህ በአንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ሆኖ 4 ጊጋ ራም አለው። ዊንዶውስ 11 አልገባም አለ። ልሽጠው እንዴ?

ኧረ እንዳትሸጠው! ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ስለዚህ የተከለከልከው ማሽኑ ስለደከመ አይደለም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንበት፣ ከእሱም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፣ በ4 ጊጋ ደግሞ ደህና ይሠራል። የሚንት 22 ተከታታይ እትሞች እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛሉ። ትንሽ ብር ካለህ ሃርድ ዲስኩን አስወጥተህ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ማከማቻ) አስገባ፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ግን ከመጫንህ በፊት ከፍላሽ አስነስተህ ሞክረው። ዊንዶውስህ ሳይነካ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ታያለህ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ (ብሮድኮም ቺፕ ያለባቸው ላፕቶፖች ይህ ዓመል አላቸው) ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝና ዳታህን አጋራው። ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) በዚያ ያወርዳል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ ይሠራል?

በቀጥታ አይሠራም። እዚህ ጋ ሊኑክስ ወዳጆች ሲያጋንኑ እሰማለሁ፣ "ዋይን አለልህ" ይሉሃል። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ ሶፍትዌር ነው፣ ጎበዝም ነው። ግን የድርጅት ሒሳብ በእሱ ላይ ጥዬ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንጀራህ ፒችትሪ ወይም አውቶካድ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ቆይ። ለዊንዶውስ 10 የተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አለ፣ መመዝገብ ግን ይጠይቃል። ራምህ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ ሊኑክስ ጭነህ ዊንዶውስን በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተርህ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ሶፍትዌር) ውስጥ ማኖርም ይቻላል። ቢሮ ውስጥ አምስት ኮምፒውተር ካለ ደግሞ አንዱን ለሒሳብ ተዉትና ደብዳቤና ኢሜይል ብቻ የሚሠራባቸውን ሊኑክስ አድርጓቸው። ሰው ሁሉ ስለ ሲስተሙ ይጨቃጨቃል፣ የሚወስነው ግን የምትሠራበት ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ፦ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። አማርኛ መጻፍ ካልቻልኩ ምን ዋጋ አለው? የድሮ ፋይሎቼም በሙሉ በፓወር ግዕዝ ናቸው።

እህቴ፣ መጻፉ ቀላል ነው። አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ትጭኛለሽ፣ ከዝርዝሩ አማርኛን ሴራ (አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ የመጻፊያ ዘዴ) ከሚለው ጋር ትመርጫለሽ፣ አለቀ። ደብሊዩ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኦ ስትመቺ "ወሎ" ብሎ ይጽፍልሻል። ትንሿ ቲ ከኢ ጋር "ተ" ትሰጥሻለች፣ ትልቋ ቲ ደግሞ "ጠ"። የለመድሽው ኪቦርድ ከዚህ ይለያል፣ መጀመሪያ ላይ ጣትሽ ይሳሳታል፣ አብሽሪ፣ ይለመዳል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ኒያላ ግን የዊንዶውስ ስለሆነ በእሱ የተጻፈ ፋይል ሊብሬኦፊስ (ሊኑክስ ላይ በዎርድ ፋንታ የሚሠራው) ላይ ሲከፈት ፎንቱ ይቀየራል፣ የገጹ አሰላለፍም ሊዛባ ይችላል። ደንበኛ ፊት እንዳታፍሪ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በፒዲኤፍ ተቀበይ።

የድሮው ፓወር ግዕዝ ነገር ሌላ ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የዓለም ደረጃ) ከመለመዱ በፊት የነበሩት እትሞች የግዕዙን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታይሽ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ነው። ፎንቶቹን ኮፒ አድርገሽ ከጫንሽ ማንበብና ማተም ትችያለሽ፣ እነሱን ማረም ግን አሰልቺ ነው። ስለዚህ አንዷን የዊንዶውስ ማሽን አታስወጫት፤ የድሮ ፋይል የያዘ ደንበኛ ሲመጣ እሷ ላይ ሥሪ፣ አዲሱን ሁሉ በዩኒኮድ ጻፊ። ፕሪንተርሽ ኤችፒ ከሆነ በኤችፒሊፕ (የኤችፒ የሊኑክስ ድራይቨር) በኩል አብዛኛው ይሠራል። ሌዘርጄት ፒ1102 ዓይነቶቹ ግን ተጨማሪ ፕለጊን በኢንተርኔት ስለሚጠይቁ ቀድመሽ አውርጂ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ አካባቢ፦ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ያረጁ ዴስክቶፖች አሉን፣ ኢንተርኔት የለንም። ምን ይበጀናል?

መምህር፣ ጥያቄዎን ወደድኩት፣ ክፍት ሶፍትዌር ከምንም በላይ የሚያምርብኝ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ከኮምፒውተሮቹ ሻል ያለውን ይምረጡና ሰርቨር (ሌሎቹን የሚያገለግል ማሽን) ያድርጉት። ኪዊክስ የሚባለውን ይጫኑበት። ኪዊክስ ውክፔዲያን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ፋይል ትንሽ ነው፣ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ሥዕል የሌለውን ወይም በትምህርት ዓይነት የተከፈለውን ይውሰዱ። ከዚያ አንድ ተራ የዋይፋይ ራውተር ይሰኩ። የኢንተርኔት መስመር አያስፈልገውም፣ ማሽኖቹን እርስ በርስ ያገናኝ እንጂ። ተማሪው ፋየርፎክስ ከፍቶ የሰርቨሩን ቁጥር ሲጽፍ ገጹ ይመጣለታል። ኮሊብሪ የሚባልም አለ፣ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና መልመጃዎች በዚሁ መንገድ ያቀርባል፣ የተማሪውንም ውጤት ይመዘግባል።

ሌላው ጭንቅ የማሻሻያው ዳታ ነው። አፕት ካቸር የሚባል አለ፦ አንዱ ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ ያስቀምጥና ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ሰርቨሩን በየወሩ አንዴ ደሴ ወይም ሐይቅ ከተማ መስመር ያለበት ቦታ ወስዶ ማሻሻል ነው። ለሁሉም ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ ዳታ ይከፍላሉ።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ተማሪ፦ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሌባ አይገባበትም?

ይገባል እንጂ፣ ገብቶም ያውቃል። ኤክስዚ የምትባል ፋይል የምትጨምቅ ትንሽ ሶፍትዌር አለች፣ ሊኑክስ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ትገኛለች። ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ ሰው ሁለት ዓመት ያህል በትጋት እያገዘ አመኔታ አተረፈና በስውር የጓሮ በር (ሰርጎ መግቢያ) ከተተባት። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። በኤስኤስኤች (ከርቀት ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት "ይሄ ነገር ምንድን ነው" ብሎ ቆፈረ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም ይፋ አደረገ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ወደሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የተረጋጉ እትሞች ሳይደርስ ነው የተያዘው። ኮዱ ዝግ ቢሆን ፍሮይንድ መዘግየቱን ያይ ነበር፣ ምክንያቱን ግን እስከ ሥሩ መቆፈር ይከብደው ነበር። ደግሞ ብዙ ሰው የሚደገፍበትን ሶፍትዌር አንድ የደከመው ሰው ብቻውን ሲጠብቀው የነበረ መሆኑ ያሳዝናል፣ እሱ ችግር ዛሬም አልተፈታም።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ ሾርትከት ቫይረስ ሊኑክስን ይይዛል?

አይይዝም። ግን ፍላሽህ ላይ ቁጭ ብሎ ለጓደኛህ ዊንዶውስ ይተላለፋል፣ ስለዚህ አጥፋው።

ጥያቄ፣ ከመርሳ፦ መብራት በየሰዓቱ ሲጠፋ ሲስተሙ አይበላሽም?

ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ የፋይል አያያዝ ዘዴ የሚጽፈውን ለውጥ ቀድሞ የሚያስፍርበት መዝገብ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አስተካክሎ ይነሳል። ሴቭ ያላደረግሽው ጽሑፍ ግን ሄደ፣ ሊብሬኦፊስ ላይ የራስ ሰር ማስቀመጫውን ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ትልቅ ማሻሻያ አትጀምሪ። መሃል ላይ ከተቋረጠ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተሽ sudo dpkg --configure -a ብለሽ ጻፊበት፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፦ የእንግዳ ማረፊያችን ኮምፒውተር 32 ቢት ነው። አዲሱ ዴቢያን ይገባበታል?

አይገባም። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ የለውም። ዴቢያን 12ን መጫን ይቻላል። ግን ስሙን አጣሩ፦ ኮር 2 ዱዎ ከሆነ 64 ቢት ነው፣ 32 ቢት ዊንዶውስ ስለተጫነበት ብቻ ይሆናል እንዲያ የሚያሳያችሁ።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ የሚንቱ ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ዳታ ከየት ላምጣ?

እኔ ጋ አለ፣ ፍላሽ ይዘህ ከመጣህ ጀባ እልሃለሁ። ሚንትን፣ ኡቡንቱን፣ ዴቢያንን በቬንቶይ (ብዙ ሲስተም ከአንድ ፍላሽ የሚያስነሳ ሶፍትዌር) አንድ ፍላሽ ላይ አደርግልሃለሁ፣ ሲነሳ ከዝርዝሩ የፈለግከውን ትመርጣለህ። 16 ጊጋ ይሁን፣ ቬንቶይ ሲጫን ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ደግሞ የሠርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ እንዳታመጣብኝ።