ሁለተኛውን ክፍል ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን ወሎ ውስጥ የሚካሄደውን የፍቅር ልብወለድ አንደኛውን ክፍል ጨርሰሽ፣ «ሁለተኛውን ልግዛው ወይ?» ብለሻል። አብሽሪ፣ እኔም አንደኛውን በሁለት ሌሊት ነው የጨረስኩት። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ እንዳትከፍዪ። እኔ ከፈልኩ። ደሴ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ሻጭ «ሦስተኛው ሊወጣ ነው፣ አሁን ከከፈልክ ቅናሽ አለው» አለኝ። 900 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ሁለተኛውን አንብቤ «የሦስተኛውን ብር መልስልኝ» ስለው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አንተ ስላልወደድከው ነው የምመልሰው?» አለኝ፣ ሰው ፊት። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. የጦርነቱን ታሪክ ጠብቀሽ ከሆነ የለም። አንደኛው ክፍል ሲያልቅ ልጁ ከንጉሡ ጦር ጋር ይዘምታል፣ ልጅቷ ሐይቅ ዳር ትቀራለች። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሡ ጦር እንደሚሸነፍ እኛ እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው። ደራሲው ግን ሁለተኛውን ሲጀምር በሁለት ገጽ ዘለለው። ልጁ ቆስሎ መጣ፣ ከዚያ ቅናትና ኩርፊያ ብቻ። ንጉሡ የተማረኩበት፣ ስንቱ የወሎ ቤት ሐዘን የተቀመጠበት ጊዜ እኮ ነው! አንድ ሙሾ እንኳ እንዴት አይኖርም?

3. የአያቴን ነገር ልንገርሽ። አያቴ የባቲ ልጅ ናት፤ ማንበብ አትችልም። አንደኛውን ክፍል ቡና ላይ አንብቤላታለሁ። በረካው ተጠጥቶ እንኳ «ቀጥል» ትለኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ ፍቅረኞቹ «ቅዳሜ ባቲ ገበያ» ተቀጣጠሩ። ቡናውን የምትቆላበት እጇ ቆመ።

«ምን ቀን አልክ?»

«ቅዳሜ።»

«ባቲ ሰኞ ነው።»

ደግሜ አነበብኩላት።

«ባቲ ሰኞ ነው፣ ልጄ። አፋሩ ግመሉን ነድቶ የሚመጣው፣ ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኘው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ማንን ሊያገኙ ሄዱ?»

ቡናው አረረ። ከዚያ ወዲህ አንብብልኝ ብላኝ አታውቅም።

ትንሽ ስህተት ነው ያሉኝ አሉ። ለኛ ትንሽ አይደለም። በአንደኛው ክፍል ልጅቷ «አብሽር» ስትለው እናቴ የተናገረች ነው የመሰለኝ። በሁለተኛው የዛሬ አዲስ አበባ ካፌ የተቀመጠች ይመስል ታወራለች። ደራሲው የመጀመሪያውን ሲጽፍ ሰው ጠይቋል፣ ሁለተኛውን ሲጽፍ ቸኩሏል። ያስታውቃል።

መጨረሻውን ሳታውቂ ካላስቻለሽ፣ ደሴ ከሆንሽ የኔን ላውስሽ። ባቲ የሚለው ገጽ ላይ ቅዳሜን ሰርዤ በእርሳስ «ሰኞ» ብያለሁ። አንደኛውን ግን አላውስም። አያቴ ራስጌዋ ነው ያስቀመጠችው።